የጫጩቶች መርዶ

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ጸሎቴን ጨርሼ፣ እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነውና፣ ለሥራ የምለብሰውን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። በእኛ ሰዎች ዘንድ በዚያ ሰዓት ሳይደውል የሚመጣ እንግዳ የለም፤ መርዶ ነጋሪ ካልሆነ በቀር። ካውያውን ነቀልኩ፣ ሸሚዙን አጠፍኩ፣ ከዚያ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። አጎታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከጎናቸው የወንድሜ ሚስት፣ ከኋላቸው ደግሞ ከአገር ቤት ጀምሮ የምናውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች። ጴጥሕ ቲክቫ ከተማ፣ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ያለው የእኛ ሕንፃ የደረጃ መብራት ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። እያየኋቸው ጠፋ። ማናቸውም መልሰው ሊያበሩት እጃቸውን አልዘረጉም፤ በጨለማው ውስጥ እንዲሁ ቆሙ።

"ማን ሞተብኝ?" አልኩ ገና በሩን ስከፍት።

"እንግባና እንቀመጥ፣ ልጄ። አንቺም ተቀመጪ" አሉ አጎታችን።

ተቀመጡ። ውሃ ላምጣ ብል በእጃቸው አገዱኝ። የወንድሜን ሚስት ነጠላ አየሁ፤ አልተዘቀዘቀም። "እሱስ?" አልኳት፣ ስሙን መጥራት ፈርቼ። አንገቷን ደፋች። አለቀ፣ ወንድሜ ሄደ ብዬ ደረቴን ልመታ እጄን አነሳሁ።

"ኧረ ተይ፣ ተይ! ሰው ደህና ነው!" አሉ አጎታችን እጄን ለቀም አድርገው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም። ይኸን ቀድመሽ ስሚ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጫጩቶቹ ናቸው" አሉ።

ሳቅ አመለጠኝ። አፌን በነጠላዬ ብይዘውም እንቢ አለ። ልጄ ከመኝታ ቤቷ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ወጣችና "ኢማ፣ ማ ካራ?" አለች፤ እማዬ፣ ምን ሆነ ማለቷ ነው።

"የአጎትሽ ጫጩቶች ታመዋል።"

"ለዶሮ?" እንግዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። "አራት ሰው ሆናችሁ ለዶሮ መርዶ? የጎረቤት ድመት ስትሞትም ቀስቅሱን እንግዲህ!"

"አንቺ ልጅ፣ ሥርዓት አለ" አሉ አጎታችን፤ ግን እሳቸውንም ሳቅ ሳቅ ብሏቸው ነበር። እኔማ ወንድሜ ከመቃብር የተመለሰ ያህል ነው የቀለለኝ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ልቤን ወጋ አደረገው።

"መቼ ጀመራቸው?" አልኩ።

የወንድሜ ሚስት የነጠላዋን ጥለት ማጣጠፍ ጀመረች።

"ላባቸው የቆመው መቼ ነው? ንገሩኝ እንጂ!"

"ዓርብ ጧት" አለች የወንድሜ ሚስት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እንዳይደነግጡ ብለን ነው፣ እትዬ። ሰንበት ሊገባ ነበር።"

መርዶው ያ ነበር። ጫጩቶቹ መታመማቸው አይደለም። ዓርብ ጧት መሆኑ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው፣ ለጫጩት ይህን ያህል ማዘን ምን የሚሉት ነው ይል ይሆናል። ስለዚህ ስለ ወንድሜ ልናገር።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ጎንደር ገጠር እያለን አራሽ ነበር፤ እጁ መሬት ሳይነካ የሚውልበት ቀን ሰንበትና በዓል ብቻ ነበር። ወደዚህ ከመጣን በኋላ እንደ ብዙዎቻችን ሰጉላ ከሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ገባ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሲጭንና ሲያወርድ ዕድሜው ሄደ፣ በመጨረሻም ወገቡ እንቢ አለ። ከዚያ ወዲያ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛ ሰው ሆነ። ልጆቹ በዕብራይስጥ ሲያናግሩት "በሰደር፣ በሰደር" ይላል፤ እሺ፣ ደህና ነው ማለት ነው፤ ግን ምን እንዳሉት አይሰማም። ጸሎት ቤት መምጣት ተወ። ለሲግድ፣ ለእኛ ለአገር ቤት አይሁድ የምሕላ በዓል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቤ ቦታ እይዝለት ነበር። ሳይመጣ እንሄዳለን። እኔም እዚያ ቆሜ ከሁሉ በፊት የምለምነው ስለ እሱ ነበር፦ አምላኬ ሆይ፣ አስነሣልኝ እያልኩ።

ያስነሡት ጫጩቶች ናቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬዎች ሰፈር የሚኖር ሽማግሌ፣ ባዶውን የቆመ ሉል ነበረው፤ እዚህ የዶሮ ቤቱን እንዲያ ነው የሚሉት። ለወንድሜ "ና፣ ጫጩት አሳድግበት፤ በግቢያቸው ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች ቄብ እናደርሳለን" አለው። ወንድሜ ሄዶ አየውና በዚያው ቀረ። ሚስቱን ይዞ ከሉሉ ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ገባ። ጉዝጓዙን እሱ ራሱ ነሰነሰ፣ የሙቀት መብራቶቹን ሰቀለ። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች በገቡ ማግስት በሚስቱ ስልክ ደወለልኝ፤ እሱ ስልክ አይይዝም፣ ኪስ የሚከብድ ነገር አይወድም።

"እቴ! ውሃውን ራሳቸው አገኙት! ማንም ሳያሳያቸው!"

"እሰይ። አንተስ እህል ቀመስክ?"

"ኧረ ተይኝ፣ አንዷ እየተጣራች ነው!" ብሎ ዘጋው። እኔ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ሰንበት ጸሎት ቤት መጣ። ልብሱ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸት ነበር። እንዲህ ያለ ሽታ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያ የመጀመሪያው መንጋ አድጎ፣ ቄብ ሆኖ ሄደ። ሁለተኛው መንጋ ነው የታመመው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ከዚሁ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ሰጉላ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሥራ ቦታ አለች፤ ለጫጩቶች መከላከያ የሚሆን ነገር ከእንቁላል እናወጣለን። በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል፤ እኛ ግን በዕብራይስጡ ኖግዳኒም እያልን ለምደነዋል። ጉምቦሮ የሚባል የጫጩት በሽታ አለ፤ በቫይረስ የሚመጣ። ሌላ ቦታ ያሉ እናት ዶሮዎች የሞተውን ቫይረስ ደጋግመው ይወጋሉ። ደማቸው ከበሽታው ጋር መታገልን ይለምዳል፤ የተማሩትንም እንቁላላቸው አስኳል ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ማንኛዋም እናት ዶሮ ለምትፈለፍለው ልጅ የምታደርገው ነው። እኛ ልጁ ሳይኖር ያን ስንቅ እንወስደዋለን። እንቁላሉን እሰብራለሁ፣ ነጩን አፈሳለሁ፣ አስኳሉን ሳይፈርስ በወረቀት ላይ አንከባልዬ አደርቀዋለሁ፣ ሽፋኑን ወግቼ ቢጫውን አወርዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማጠብና ማጣራት የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። በመጨረሻ ትንንሽ ብልቃጥ ሆኖ ማቀዝቀዣ ይገባል።

መጀመሪያ ሰሞን የደም ነጥብ ያለበትን እንቁላል ሳገኝ ወደ ጎን አደርገው ነበር። ኃላፊያችን፣ ከሩሲያ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት፣ አየችና "ምን አድርጎሽ ነው ያገለልሽው?" አለችኝ።

"ደም አለበት። አይበላም።"

"እህቴ፣ የሚበላው ማን ነው? ጫጩቱ ሃይማኖትሽን ይጠይቅሻል?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እጄ እንቢ አለ፤ እስከ ዛሬ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት እነዚያን የምትሰብራቸው።

ነገሩን ያስረዳችኝ ይህችው ሐኪም ናት። መድኃኒቱ በሽታውን ይገድለዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"የለም። ቫይረሱን ይይዘዋል፣ ሴሉ ውስጥ እንዳይገባ። ግን የጫጩቱ የራሱ አይደለም፤ የሌላ ዶሮ ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከደሙ ይጠፋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ክትባቱ ይዞለት ከሆነ ይኖራል። ካልያዘለት…" ትከሻዋን ሰበቀች። "አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ቫይረሱ ገብቶ ያወደመውን መልሶ አይሠራም። የተኛ ጫጩት አያነሣም። በመንጋው ውስጥ የመጀመሪያው ታሞ ሲታይ፣ ገና ለቆሙት ነው የሚሰጠው። ያኔ ብቻ።"

የወንድሜን ነገር ነገርኳት። ዶሮ ቤቱን የሚጎበኘውን የእንስሳት ሐኪም አነጋገረችው፣ እሱም ተስማማ። በሽታ ከታየ የሚወሰድ ብልቃጥ በማቀዝቀዣው ታችኛ መደርደሪያ ተለይቶ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ በሉሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ለወንድሜ ቁርጥ አድርጌ ነገርኩት። ላባዋ የቆመ፣ ዓይኗን ከድና ከመብራቱ ሥር የምትኮማተር አንዲት ጫጩት ካየህ እስክትሞት አትጠብቅ፤ ያኑ ሰዓት አስደውልልኝ አልኩት።

"ላንዲት ጫጩት?"

"ላንዲት።"

"በሰንበትስ ቢሆን?" አለ እየሳቀ። ሊተነኩሰኝ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በሰንበት አጠባበቄ ይቀልድብኛል።

"ሰንበትማ ሰንበት ነው፤ ስልክ አይነሣም" አልኩት። እኔም ቀልዴን ነበር።

አሁን ዓርብ ጧት የሆነውን ልጻፍ። እኔ አልነበርኩም፤ የማውቀው በኋላ ከወንድሜ ሚስት ለቅሶና ከአጎታችን አፍ እየቆራረጥኩ የሰበሰብኩትን ነው። አጎታችንና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰንበትን አብረውት ሊውሉ ሐሙስ ማታ ወደ ወንድሜ ሄደው ነበር። ዓርብ ጧት ወንድሜ ሉሉ ገብቶ ላባቸው የቆመ፣ ኩሳቸው ነጭ ፈሳሽ የሆነ ጫጩቶች አየ። ወጥቶ ሚስቱን "ደውይላት። አሁኑኑ ለእቴ ደውይላት" አላት፤ ተመልሶም ገባ። እሷ ስልኩን አነሣች። አጎታችን ምን እንደሆነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

"በስልክ?" አሉ። "የደም ግፊት ያለባት ሴት፣ ብቻዋን ሥራ ላይ ቆማ? ያውም ሰንበት ሊገባ? አይሆንም። ሰንበቷን ታክብር። እሑድ ጧት ራሳችን ሄደን፣ ተቀምጠን እንነግራታለን።"

እውነቱን ለመናገር አጎታችን ክፉ ሰው አይደሉም። ያሉት የኖርንበትን ነው። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም፤ በሰንበት ዋዜማ አይነገርም። ነጋሪው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ የሚደግፉ ሰዎች ይከባሉ። እኔም በስንት ሰው በር ላይ እንዲሁ ጎሕ ሳይቀድ ቆሜአለሁ። ለሞተ ሰው ይህ ደግ ሥርዓት ነው፤ የሞተ አይቸኩልም። እነዚያ ጫጩቶች ግን ዓርብ ጧት አብዛኞቹ ገና ቆመው ነበር።

ወንድሜ ከሉሉ ሲወጣ "ደወልሽላት?" አለ። ሚስቱ አጎታችንን አየች።

"ነግረናታል። ትመጣለች፣ አንተ አትጨነቅ" አሉት እሳቸው።

እሱም እንዳይጨነቅ ነው። እኔ እንዳልደነግጥ፣ እሱ እንዳይጨነቅ።

ዓርብ እስከ ቀትር ሰጉላ ነበርኩ፣ ያ ማቀዝቀዣ ከጀርባዬ። ከዚያ በአውቶቡስ ቤቴ ተመለስኩ፣ የሰንበቱን ምግብ አሰናዳሁ፣ ገላዬን ታጠብኩ፣ ሻማ አበራሁ። ወንድሜ በዚያን ሰዓት መንገዱ ዳር ከበሩ ቆሞ እኔን ይጠብቅ ነበር አሉ። አውቶቡሶቹ ለሰንበት መሄድ ሲያቆሙ ገባ። አልበላም። ሌሊቱንም ሰንበቱንም ሙሉ ሉሉ ውስጥ ሆኖ የሞተውን ሲያወጣ ዋለ።

እሑድ ጧት ሽማግሌዎቹን ሳልሸኝ ለሐኪሟ ደወልኩ። አልዘገየችም፤ ብልቃጦቹን በረዶ በሞላባት ሳጥን ይዛ በመኪናዋ መጣች። አጎታችንና የወንድሜ ሚስት ከእኛ ጋር ገቡ። መንገዱን ሁሉ ሐኪሟ "ያላ፣ ያላ"፣ ቶሎ በል፣ እያለች የመንገዱን መብራት ትለምን ነበር።

ወንድሜ በሩ ላይ አልነበረም። ውስጥ ነበር። የሞቱት በከረጢት ሆነው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ያሉት ከመብራቶቹ ሥር እርስ በርስ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ መጠጫው አጠገብ ተዘርግተው የቀሩም አሉ፣ አፋቸው ውሃው ሳይደርስ። ሐኪሟ እንዳየች ፊቷ ወደቀ። ቢሆንም መርፌዋን አወጣች። እኔና ወንድሜ የቆሙትን እየያዝን እንሰጣታለን። ጫጩት በመዳፍ ላይ ሲያዝ ልቡ ከክብደቱ ይበልጣል፤ ሲመታ ጣትን ይነዝራል። አንዷ እጄ ላይ እያለች ተወጋች፣ እጄ ላይ እያለችም ልቧ ቆመ።

ወንድሜ ቀና ሳይል "ሰንበትሽ እንዴት ነበር?" አለኝ።

"ምን?"

"ሰንበትሽን። ጠበቅሽው ወይ?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዓርብ ሰምቼ ለሰንበቴ ብዬ የቀረሁ መስሎታል። "ወንድሜ፣ እኔ አልሰማሁም! ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሰማሁት፤ እኒህን ጠይቃቸው!"

ሚስቱን አያት። እሷ ጉዝጓዙን ታያለች። አጎታችንን አየ።

"አሁን የዚህ ጊዜ አይደለም፣ ልጆች። ሥራችሁን ሥሩ" አሉ።

ወንድሜ "በሰደር" አለ፣ ሌላ ጫጩት አነሣ። እጁ እጄን እንዳይነካ ከላይ ይዞ ይሰጠኝ ነበር።

ከእነዚያ ጫጩቶች የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሰውነታቸው መከላከያ ስለሌለው ማንኛውም ነገር ያጠፋቸዋል ተባለና ተወገዱ። ቫይረሱ ጉዝጓዙ ውስጥ፣ አቧራው ውስጥ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ሉሉ ታጥቦ ተዘጋ። የሉሉ ባለቤት ሽማግሌ፣ እናጽዳውና ዳግም እንሞክር ብሎ ነበር። ወንድሜ ቁልፉን መለሰለት። ጴጥሕ ቲክቫ ወዳለው የድሮ ቤቱ ተመለሰ፤ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ወንበር ስቤ ከጀርባው እቀመጣለሁ። አልሰማሁም፣ ማንም አልደወለልኝም፣ ብሰማ በሩጫ እመጣ ነበር እለዋለሁ። "በሰደር" ይላል ለግድግዳው። እህት ራሷን ለማዳን የምትለው ይመስለዋል፤ ማን ይፈርድበታል? ያለ ምስክር ነው የምናገረው። ሚስቱ ሻይ ታስቀምጥልኝና ወጥታ ትቆማለች። አንድ ቀን ኩሽናው ውስጥ ይዤ ለመንኳት። "አጎታችንን ላዋርዳቸው፣ እትዬ? በዚህ ዕድሜያቸው?" አለችኝ። እሷም እውነት አላት። እኔም ቂም አልያዝኩም፤ ይዤም ከሆነ አምላኬ ያውጣልኝ።

ሐኪሟ፣ ዓርብ ደርሰንም ቢሆን ሁሉን ላናድን እንችል ነበር ትለኛለች። ምናልባት አንድም። ስለዚህ ስለ ጫጩቶቹ አልከራከርም። ራሴንም ጠይቄአለሁ፦ ሰንበት ከገባ በኋላ ደውለውልኝ ቢሆንስ? አላውቅም። እግዚአብሔር አልፈተነኝም፣ እኔም ስለ ራሴ አልምልም። ዓርብ ጧት ግን ሰንበት አልገባም ነበር። አውቶቡስ ነበረ፣ ማቀዝቀዣው አጠገቤ ነበረ፣ እኔም ነበርኩ።

አሁንም እንቁላል እሰብራለሁ። አስኳሉን በወረቀት ላይ እያንከባለልኩ፣ ይህ የማን ጫጩት ይደርስ ይሆን እላለሁ። ድሮ ይህን እያልኩ እጸልይ ነበር፤ አሁን እጄ ብቻ ነው የሚሠራው። ለሲግድም ወጣሁ። አጠገቤ ቦታ አልያዝኩም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዓርብ ጧት እዚያ ለነበራችሁ ነው፤ ለአጎታችን፣ ለሁለታችሁ አባቶች፣ ለአንቺም እህቴ። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም። ይቅርታ በሉኝም አልልም፤ ስለ ደግነታችሁ ምን ይቅርታ ይጠየቃል? በሕጋችን ነገር በሁለት ምስክር እንደሚጸና ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከእናንተ ሁለታችሁ ወደ ወንድሜ ሂዱ። ሰዓት አትምረጡ፣ ዙሪያውን አትዙሩ፣ እስኪቀመጥም አትጠብቁ፤ ተኝቶ ቢሆን ለጀርባው ንገሩት። እኔ እንድኖር ካልወደዳችሁ አልመጣም። ዓርብ አልሰማችም በሉት፤ ያልነገርናት እኛ ነን በሉት።